ኔትወርክ የሌለበት ሥራ

ጥር 14

ለወንድሜ ለሽቦ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ብርዱስ? እኛ እንዳየኸን አለን፣ ፈጣሪ ይመስገን። አንተንም ከክፉ ይጠብቅህ።

ከሁሉ በፊት የጸጉር አስተካካዩን ነገር ልንገርህ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት፣ ልጅ ሆነህ ጆሮህን ይዘው ይላጩህ የነበሩት። ኮሮና ይዟቸው ሰንብተው አሁን ተነስተዋል። ሳሉም ለቋቸዋል። የቀረባቸው ማሽተት ነው። ባለፈው ሳምንት ባለቤታቸው ወተት ጥደው ወደ ሱቅ ቢወጡ፣ እሳቸው ምድጃው አጠገብ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠው፣ ወተቱ ገንፍሎ፣ አርሮ፣ ድስቱ ከስሎ፣ ሽታው እኔ ስፌት ቤት ድረስ ወረደ። መቀሴን እንደያዝኩ ሮጬ ብወጣ "ምነው፣ ምን ሆንሽ?" አሉኝ። ቤቱ በጭስ ተሞልቷል። "ጭሱንስ አላዩትም?" ብላቸው "መነጽሬ የቆሸሸ መስሎኝ ነው" አሉ። ትንሿ ልጃቸው አርግዛለች። ትልቋ ደግሞ አየር ማረፊያ ሥራ ይዛለች፤ ከውጭ የሚገባው ሰው ሁሉ የክትባት ወረቀቱን የሚያሳየው ለእሷ ነው። ድሮ ደረጃ ላይ ዞር ብሎ የማያያት ሰው አሁን ከሩቅ እጅ ይነሳታል።

እሷን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የአክስቴ፣ የእናትህ ቀኝ ዓይን ሞራ ለብሷል። ግራው ከጠፋ መሰንበቱን ታውቃለህ፤ ያላት ይኸው አንዱ ነው። ሐኪሙ "ይገፈፋል፣ ቀላል ነው፤ ግን መዘግየት የለበትም" ብሎናል። ሁለት ጊዜ ወስጃት ሁለቴም የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ መለሱን። አሁን ለግንቦት አጋማሽ ቀጥረዋታል። እሷ ግን ቁርጧን ነገረችኝ። "ልጄ አጠገቤ ካልቆመ ዓይኔን ማንም አይነካውም፤ የቀረችኝ አንዲት ናት" አለች። እንደምታውቃት ነው፣ አንዴ ካለች አለች።

ስለዚህ ፈቃድህን ለዚያ ጊዜ አድርገው። የጸጉር አስተካካዩ ልጅ የምትለው፣ ሁለት ጊዜ የተከተበ ሰው በቀጥታ ቤቱ ይገባል፤ ያልተከተበ አሥር ቀን ሆቴል ውስጥ ይቆያል። አንተ የትኛውን ክትባት ወሰድክ? ስንት ጊዜ? ጻፍልኝና ላስጠይቅልህ።

በስልክ ያልጠየቅሁህ ስልኩ ሁልጊዜ አክስቴ ጭን ላይ ስለሆነ ነው። ዓይኗ ሲደክም ጆሮዋ ነቃ። ግድግዳ ጀርባ ያለውን ትሰማለች። የእኔን ስልክ ደግሞ ስፌት ቤት ያለው ሁሉ ያነበዋል። ባለፈው ክረምት ከመሬት በታች ነኝ፣ ኔትወርክ የሌለበት ሥራ ነው ብለህ የጠፋህ ጊዜ ስልኩን ትራሷ ሥር አድርጋ ነበር የምትተኛው። ከዚያ ወዲህ ከእጇ ወርዶ አያውቅም። ፖስታው ቢዘገይም ይሻላል።

ሊፍቱ እንደሞተ ነው። አንተን የሊፍት ጠጋኙን የወለደች እናት አራተኛ ፎቅ ተዘግቶባት እንደተቀመጠች አለች።

እህትህ


የካቲት 10

ለእትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ።

ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ከግንቦት አሥር ጀምሮ ሁለት ሳምንት ነው፣ ከዚያ በላይ አይሰጡም። ስለዚህ አሥር ቀን ሆቴል ከተዘጋብኝ ለእማዬ የሚተርፋት ሻንጣዬን ስከፍትና ስዘጋ መስማት ነው።

የተከተብኩት አንድ ጊዜ ነው። እዚህ በአንዱ "ሙሉ" የሚል ወረቀት ሰጥተውኛል። እናንተ ጋ ይሠራ እንደሆነ የጸጉር አስተካካዩን ልጅ ጠይቂልኝ።

የእማዬ ግፊት ሰሞኑን ስንት ነው? ጨው ቀንሺላት። ይህን ደብዳቤ አታንብቢላት።

ወንድምሽ


የካቲት 29

ለሽቦ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጨው ቀንሺ ያልከውን ቀንሻለሁ፤ አሁን ምግቡን ቀምሳ "ማን ሞቶ ነው?" ትለኛለች። ግፊቷ አንድ ቀን ይወርዳል፣ አንድ ቀን ይወጣል። የሚወጣው ስልኩ ሳይጮህ የዋለ ቀን ነው።

ልጅቷን ጠየቅኋት። "አንዱ አይበቃም" አለችኝ። ለምን አንድ ብቻ ተወጋህ? እዚህ የቤቱ ሰው በሙሉ፣ ያ መርፌ ሲያይ የሚያዞረው ሥጋ ሻጭ እንኳ ሳይቀር ሁለቴ ተከትቧል። ወይስ የልጅነት አመልህ አልለቀቀህም? ትምህርት ቤት ከታቢዎቹ የመጡ ጊዜ ጣሪያው ላይ ያለው ውሃ ጋን ጀርባ ተደብቀህ፣ ዘበኛው በመሰላል ያወረደህ ትዝ ይልሃል? እኔ ግን ትዝ ይለኛል፤ የተቀደደ ሱሪህን የጣፍኩት እኔ ነኝ።

ሂድና ሁለተኛውን ተወጋ። እምቢ ካሉህ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ልጅቷ እንደነገረችኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተከተበ ሰው በበሽታው ተይዞ የዳነ መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ካመጣ ያሳልፉታል። ታዲያ አስጽፍ። የሆስፒታል ሊፍት ስትጠግን ስንት ዓመትህ ነው፣ አንድ የምታውቀው ሐኪም ይጠፋል? ታሞ ነበር፣ ዳነ ብሎ ሁለት መስመር ይጻፍልህ። ባትታመምስ ማን ያውቃል። እንዲህ ያለ ምክር ስሰጥህ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ግን አንድ ዓይን ነው የቀራት።

የሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ መምጣትህን ሰምቶ (ከእኔ አልሰማም፣ ምናልባት ከእኔ ይሆናል) የሊፍቱ በር የሚንሸራተትባቸውን ጎማዎች ካገኘህ ይዘህ እንድትመጣ ለምኖሃል። "ባለሙያ በእጃችን እያለ በደረጃ መሞታችን ያሳፍራል" ይላል። ሰውዬው የሚኖረው ምድር ቤት ነው።

እህትህ


መጋቢት 27

ለእትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። የዘገየው ፖስታው አይደለም። ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ማስጻፍ አያስፈልግም። ወረቀቱ አለኝ።

ባለፈው ክረምት የማዕድን ጉድጓድ ሊፍት ልጠግን ሄጃለሁ፣ ኔትወርክ የለም ያልኳችሁ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ኦክስጅን ላይ ስለነበርኩ ድምጼ ያስታውቃል፤ ያልደወልኩት ለዚህ ነው። ሆስፒታሉ የእኛ ድርጅት ሊፍት የሚጠግንለት ነው። በአልጋ እየገፉ ሲያስገቡኝ፣ ሊፍቱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ እንደሚንቀጠቀጥ አውቅ ነበር። ተንቀጠቀጠ። ሥራ ስመለስ መጀመሪያ የሠራሁት እሱን ነው።

እዚህ ታሞ ለዳነ ሰው የሚሰጠው አንድ መርፌ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ለመወጋት ሁለት ክትባት ጣቢያ ሄጃለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የምትቀመጠው ልጅ "አንተ ሙሉ ነህ፣ ሌላ መርፌ ልመዘግብልህ አልችልም" አለችኝ። የምሄድበት አገር ግማሽ ነህ ይለኛል ብላት ሳቀች። ሳቋ ክፋት አልነበረበትም።

ስለዚህ ሆቴል እንዳልገባ ማሳየት ያለብኝ ያንን የሐኪም ወረቀት ነው። የምታየው ደግሞ የጸጉር አስተካካዩ ልጅ ናት። እሷ አንብባ አባቷ ከሰሙ፣ አባቷ ከሰሙ እማዬ ሰማች። እማዬ ከሰማች ግፊቷ ይወጣል፣ ለሦስተኛ ጊዜ ይመልሷታል። ልጅቷ ሥራ የማትገባበትን ቀን አጣሪልኝ፤ ትኬቱን በዚያ እቆርጣለሁ።

የሊፍቱ በር ውስጠኛ ጎን ላይ ትንሽ የብረት ሳህን አለ። የተጻፈበትን ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ ጎማዎቹን እፈልጋለሁ።

ለእማዬ ምንም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 16

ለሽቦ፤

ደብዳቤህን ያነበብኩት ስፌት ቤት ነው። አንብቤ ስጨርስ የአንዲት ተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ አገኘሁት። ፈትቼ መልሼ ሰፋሁት። ስለሌላው አልጽፍልህም። እንኳን ተረፍክ።

ስለ ውሃ ጋኑ የጻፍኩትን እንዳላየህ ቁጠረው።

አሁን የሠራሁትን ስማና ተቆጣኝ። ፈረቃዋን ልጠይቅልህ ልጅቷን ደረጃው ላይ ጠብቄ ያዝኳት። ፈረቃሽ መቼ ነው ብዬ ብጠይቅ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ፣ ምናልባት ቀን ብትቀያየርስ፣ ምናልባት ወረቀቱን ለጓደኛዋ ብታሳያትስ ብዬ፣ አስቀድሜ አፏን ላዘጋት አሰብኩ።

"አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ መጀመሪያ ግን ለማንም ላትናገሪ ቃል ግቢልኝ" አልኳት።

"እሺ እትዬ፣ ምን ሆኑ?"

"የሽቦ ወረቀት እጅሽ ሲገባ፣ ታሞ እንደነበር የሚለውን ያነበብሽውን ለአባትሽም ቢሆን እንዳትናገሪ።"

ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችው። "እትዬ፣ እኔ ስም አላነብም እኮ" አለች። "ሰልፉ እስከ በሩ ነው። ማህተሙን አያለሁ፣ ቀኑን አያለሁ፣ 'ቀጥሎ' እላለሁ። ሽቦ ቢያልፍ ደግሞ አላውቀውም ነበር፤ ሲሄድ ልጅ ነበርኩ። ማስክ አድርጎ ነው የሚመጣው።"

"እና አሁን?"

"አሁንማ አወቅሁ።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። "በጣም ታሞ ነበር?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልደብቃት፣ ኦክስጅኑንም ነገርኳት። አልቅሳ "ባባ ሲታመም እኔም ለእህቴ ጉንፋን ነው ብያት ነበር፣ አርግዛ ስለነበረች" አለችኝ። በቃ፣ አሁን ሁለታችንም አንዳችን የሌላውን ይዘናል። ስለዚህ ሐሳቤን ቀየርኩ። እሷ በሌለችበት ቀን ሳይሆን እሷ ባለችበት ቀን ና። ማክሰኞና ሐሙስ ጠረጴዛው ላይ ናት። የመግቢያው ደንብ ደብዳቤህ መንገድ ላይ እያለ ተቀይሮ ነበር፤ ይኸው ደግሞ ወደ ነበረበት ተመልሷል። በሰዓቱ የሚያውቀው ማንም የለም፣ እነሱም ጭምር።

የብረት ሳህኑን በጨርቅ ጠርጌ የቻልኩትን በጀርባው ገልብጬልሃለሁ። አንዱ ቁጥር ስምንት ይሁን ሦስት አልለየሁትም። ሁለቱንም አምጣ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። አራት ፎቅ ነው። ደረጃ ትወጣለህ? ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

እህትህ


ግንቦት 3

ለእትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። ፖስታው ስለማይደርስ ይህን ቀድሞኝ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ። ትኬቱን የቆረጥኩት ለሐሙስ ነው። በልጅቷ አልተቆጣሁም። በአንቺም።

ደረጃ እወጣለሁ፤ እያረፍኩ ነው። ሜዳ ላይ ደህና ነኝ። ሐኪሙ በጊዜ ይመለሳል ይላል። ሥራ ላይ ችግር የለም፤ ደስ የሚለው ነገር እኔ የምሠራው ሁልጊዜ ሊፍት ባለበት ነው።

ከታች ስደርስ ስፌት ቤቱ መስኮት ላይ አንኳኳለሁ። ቀድመሽኝ ወደ ላይ ውጪና ሬዲዮኑን ከፍ አድርጊው። እስክገባ ድረስ አትቀንሺው። እበሩ ላይ ትንፋሼን ሰብስቤ ነው የምገባው።

ስምንቱንም ሦስቱንም ይዣለሁ።

ቤት ውስጥ ስለ በሽታ አይነሳ።

ወንድምሽ


ሰኔ 9

ለሽቦ፤

በሰላም መግባትህን በስልክ ሰምተን ፈጣሪን አመስግነናል። በስልክ ያልሰማኸውን ደግሞ እነሆ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤቱ እንግዳ አልተለየውም፤ ማን መጣ፣ ምን አለ የሚለውን በተራ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ የሐኪሙን። ዓይኗ በተገፈፈ ዕለት ጠዋት ግፊቷን ለክተው አንተን ለአፍታ ወደ ውጭ ሲያስወጡህ እኔን ያስቀሩኝ ጊዜ፣ ነርሷ እንደገና ለካች፤ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት። ልክ ነበር። ንቅንቅ አላለም። ትናንት ለምርመራ ብንሄድ ሐኪሙ ራሱ "ያኔ ምን አግኝታችሁ ነው ግፊቷ እንዲህ የተረጋጋው?" አለኝ። ልጇ መጥቶላት ነው አልኩት። ዓይኗ አንደኛ ነው። ማዶ ያለውን የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ቀኑን ሙሉ እያየች "ይሄ ሰውዬ ጥርሱን እንዲህ የሚያሳየን ምን በልቶ ነው?" ትላለች። የእኔንም ስፌት አየችው። "ዓይኔ ሲጠፋ አንቺም መርፌሽን ለቀቅሽው" አለችኝ።

ሰብሳቢው መጣ። ሊፍቱ ከተሠራ ወዲህ ሰው ያለ ጉዳይ እየወጣ እየወረደ ነው፤ የሦስተኛ ፎቆቹ አንዲት ሎሚ ሊገዙ ይወርዱበታል። "ስብሰባ የሚመጣ ጠፋ" አለ ሰብሳቢው። "ለካ ይመጡ የነበረው ስለ ሊፍቱ ለመማረር ነው።" አክስቴ "ከፈለግክ ልጄን ጠርተን እናስበላሸዋለን" አለችው።

የጸጉር አስተካካዩ ልጅ መጣች። አክስቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቃ በጆሮዬ፣ "ወረቀቱን ሰጠኝ፤ ማህተሙን አየሁ፣ ቀኑን አየሁ፣ 'ቀጥሎ' አልኩ። ትንሽ ሄዶ ዞሮ አየኝ። በማስኩ ውስጥ ፈገግ ያለ መሰለኝ" አለችኝ። ቃሏን ጠብቃለች። ለአባቷ አልነገረችም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጸጉር አስተካካዩ ራሳቸው መጡ። በሊፍት ነው የመጡት፤ ለአክስቴ ብለው ወተት በጠርሙስ ይዘዋል። ገና ሲከፍቱት አክስቴ አፍንጫዋን ይዛ "ይሄ ከትናንት ወዲያ የሞተ ነው" አለቻቸው። ሳቁ። ወተቱን ደፍቼ ሻይ አመጣሁላቸው። ከዚያ ስለ አንተ ተነሳ።

"የተባረከ ልጅ ነው" አሉ ጸጉር አስተካካዩ። "ፈቃዱን ሁሉ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ቅባት ሲለቀልቅ ጨረሰው። እናቴ በደረጃ እንዳትቸገር ብሎ እኮ ነው።"

አክስቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "እኔ የት ልወርድ?" አለች። "ለእኔ አይደለም የሠራው፣ ለራሱ ነው። በመጣ ዕለት ደረጃው ላይ ሰምቼዋለሁ። አንደኛው ላይ ቆመ፣ ሁለተኛው ላይ ቆመ፣ ሦስተኛው ላይ ቁጭ አለ። ድሮ ሲወጣ ሕንጻው ነበር የሚንቀጠቀጠው። በማግስቱ ሊፍቱን ፈታታው።"

"ሬዲዮኑ እየጮኸ እንዴት ሰማሽ?" አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅኩት።

"ሬዲዮኑን ማን ያዳምጠዋል" አለች።

ጸጉር አስተካካዩ ብርጭቋቸውን ሲያዞሩ ቆይተው "እኔም ከተነሳሁ ወዲህ እንዲያ ሆኛለሁ" አሉ። "ሊፍቱ እስኪሠራ ድረስ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ እቆም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለቻቸው። "እርስዎንም እሰማዎት ነበር። የሱ አቋቋም ልክ የእርስዎ ነው።"

ከዚያ ወሬው ተቀየረ። ስለ ትንሿ ልጅ መውለጃ ተወራ፤ ወንድ ነው ብለዋቸዋል። ሲሄዱ አክስቴ እስከ ሊፍቱ ሸኘቻቸው፤ በሩ ሲዘጋ ቆማ አየችው። "ድምጽ የለውም" አለች። ስትመለስ ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ነበር። ለማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም። እነዚህን ሁሉ ወራት ብዕሬን ስትሰማ ከርማለች ለካ። አጠገቤ ቆማ፣ "ለሽቦ አንድ ነገር ጨምሪልኝ" አለች። "ሌላ ጊዜ ኔትወርክ የሌለበት ሥራ ሲልኩት ከመግባቱ በፊት ይደውልልኝ። ዝም ማለቱን እችለዋለሁ፤ የት ሆኖ ዝም እንዳለ ግን ልወቅ።"